ፈቃድ ያልጠየቁ ክበቦች፦ ኔቬልና ቪቴብስክ ከ1918 እስከ 1924

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ስለ ሩሲያዊው ፈላስፋና የሥነ ጽሑፍ አሳቢ ሚኻይል ባኽቲን በተጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ኔቬልና ቪቴብስክ በተባሉ ከተሞች ስለነበሩ ኢ-መደበኛ የሥነ ጽሑፍ ክበቦች ደጋግሜ አነባለሁ። ቦልሼቪኮች ሥልጣን በያዙ ማግስት እንዲህ ያለ ስብስብ እንዴት ሊኖር ቻለ? ኅቡዕ ነበሩ ወይ? ፔትሮግራድና ሞስኮ እያሉስ ለምን በትናንሽ የክፍለ ሀገር ከተሞች? የተወያዩበትስ ነገር የት ደረሰ?»

ኅቡዕ አልነበሩም። ጠያቂው «ኢ-መደበኛ» የሚለውን ቃል ሲያነቡ የተዘጋ መስኮትና በሹክሹክታ የሚነበብ ግጥም በዓይነ ሕሊናዎ ቢመጣ አይፈረድብዎትም፤ ያ ምስል ግን የመጣው በኋላ ከተከተሉት የሶቪየት ዘመናት ነው። በ1918 እና በ1919 «ኢ-መደበኛ» ማለት ለስብስቡ ስም ያወጣለት፣ ደንብ የጻፈለት፣ ማኅተም ያስቀረጸለት ሰው አልነበረም ማለት ብቻ ነው። በ1918 ማንንም ያላሳሰበው ይህ የማኅተም እጦት በ1928 ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ ተገኘ፤ እኔ እንደሚመስለኝ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። ሩሲያውያን ክሩዦክ የሚሉት ነገር፣ ቃሉ ሲፈታ «ትንሽ ክብ» ማለት ሲሆን፣ ከአብዮቱ በፊት በርካታ ትውልዶች ያለፉበት ልማድ ነው፤ በ1830ዎቹ ሞስኮ ውስጥ በኒኮላይ ስታንኬቪች ዙሪያ የተሰበሰቡት ወጣቶች ለዚህ የታወቁ ምሳሌ ናቸው። ጥቂት ሰዎች በአንዱ ቤት ይገናኛሉ፣ አንዱ የጻፈውን ያነባል፣ ሌሎቹ ይሞግቱታል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ይመሻል፣ አንዳንዴም ይነጋል። ይህን «ማኅበር» ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ በእኛ ቋንቋ ማኅበር ሙሴ አለው፣ ተራ አለው፣ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ክሩዦክ ከዚህ አንዱንም የግድ አይፈልግም። ስለዚህ «ክበብ» የሚለውን እይዛለሁ።

ወደ ከተሞቹ እንምጣ። ምሁራኑ ከፔትሮግራድ የወጡት ከሁሉ አስቀድሞ በረሃብ ምክንያት ነው። በ1917 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነዋሪ የነበረው ፔትሮግራድ በ1920 ወደ 720,000 ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከተማው በዳቦና በማገዶ እጦት ባዶ ሆነ ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ሲከራከሩ የቆዩ ወጣቶች ድንችና ቅቤ ወደሚገኝበት፣ መምህር ወደሚፈለግበት ቦታ ሄዱ። ኔቬል እንዲህ ያለ ቦታ ነበረች። በሐይቆች የተከበበች፣ ከፔትሮግራድ ወደ ቪቴብስክ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ የምትገኝ፣ ብዙ አይሁዳውያን የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ በዚያን ጊዜ የቪቴብስክ ጠቅላይ ግዛት አካል ስትሆን ዛሬ በሩሲያ የፕስኮቭ ክልል ውስጥ ናት። ባኽቲን በስተርጅና ሲያስታውስ፣ ወደዚያ እንዲሄድ የጎተተው የልጅነት ወዳጁ ሌቭ ፑምፒያንስኪ እንደነበረና፣ ያሳመነውም እዚያ ምግብም ሥራም አለ ብሎ እንደነበር ተናግሯል። የፍልስፍና ትምህርት ቤት ተብሎ በመጻሕፍት የሚጠራው ነገር መነሻው ይህ ነው፤ ወዳጅ ለወዳጁ እዚህ ይበላል ብሎ መጥራቱ።

በ1918 እዚያ የተገናኙት ሰዎች ግን ተራ ሰዎች አልነበሩም። በ1895 ኦርዮል የተወለደው ባኽቲን ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ የሚያስተምረውም በከተማዋ የሠራተኛ ትምህርት ቤት ነበር። ማትቬይ ካጋን ከሁሉም ይበልጥ የተማረው ነበር፤ ልጅነቱን ያሳለፈው በኔቬል ሲሆን፣ ወደ ጀርመን ሄዶ በማርቡርግ የካንትን ፍልስፍና ካደሰው ከሄርማን ኮሄን ዘንድ ተምሮ፣ በጦርነቱ ምክንያት እስከ 1918 ድረስ መመለስ ሳይችል ቆይቶ ነበር። የክበቡ ሰዎች ስብስባቸውን «የካንት ሴሚናር» ይሉት የነበረው ካጋን ይዞት በመጣው የጀርመን ፍልስፍና የተነሣ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ፑምፒያንስኪ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ሰው ነው፤ ቫለንቲን ቮሎሺኖቭ ግጥም ይጽፋል፣ ሙዚቃም ያውቃል፤ ቦሪስ ዙባኪን ደግሞ የሰጡትን ርእስ ይዞ እዚያው ግጥም የሚያፈስ፣ ቅርጻ ቅርጽ የሚሠራ፣ በዚያ ላይ የአንድ ምሥጢራዊ ወንድማማችነት መሪ የነበረ እንግዳ ሰው ነው። በኋላ በሶቪየት ኅብረት ከታወቁት የፒያኖ ተጫዋቾች አንዷ የሆነችው ማሪያ ዩዲና የኔቬል ሐኪም ልጅ ስትሆን፣ በ1899 እዚያው ተወልዳ በዚያ ወቅት ወደ ቤተሰቧ ተመልሳ ነበር። ከአንዲት የባቡር ጣቢያ ከተማ እነዚህን ሁሉ በአንድ ክፍል ማግኘት ሰላም በሆነ ዘመን የማይታሰብ ነበር።

ስብሰባው በቤት ብቻ አልነበረም። ባኽቲን፣ ፑምፒያንስኪና ዩዲና በከተማዋ አካባቢ በእግር ሲዘዋወሩ ይወያዩ ነበር፤ በአንድ ሐይቅ ዳር ባኽቲን የሥነ ምግባር ፍልስፍናውን መነሻ ሐሳብ ስላስረዳቸው ሐይቁን «የሥነ ምግባራዊ እውነታ ሐይቅ» ብለው እንደሰየሙት እርሱ ራሱ አውግቷል። ስያሜው በከፊል ቀልድ ነው፤ ቀልዱን የማይሰማ ሰው ግን ክበቡን አያውቀውም ባይ ነኝ። እነዚህ ሰዎች ስለ ኃላፊነትና ስለ ድርጊት የሚናገሩት በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው፣ እየሳቁ፣ በራሳቸውም ላይ እየቀለዱ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው ዋና ክፍል እመለሳለሁ፤ መንግሥት ይህን ያውቅ ነበር ወይ? ከማወቅም አልፎ በጋዜጣው ይዘግበው ነበር። በኔቬል «ሞሎት»፣ ማለትም «መዶሻ»፣ የተባለ የአካባቢው የሶቪየት ጋዜጣ ይታተም ነበር፤ በ1918 መጨረሻ «እግዚአብሔርና ሶሻሊዝም» በሚል ርእስ በሕዝብ ፊት የተካሄደውንና ባኽቲንም የተናገረበትን ክርክር የዘገበው ይኸው ጋዜጣ ነው። ዘገባው ሃይማኖትን በተከላከሉት ተናጋሪዎች ላይ ይሳለቃል፤ ሆኖም ተናጋሪው በማግሥቱ ወደ ማስተማር ሥራው ሄደ። በአካባቢው ያሉ የፓርቲ ሰዎች አዳራሽ ይሰጣሉ፣ ይሞግታሉ፣ ያላግጣሉ፤ ምሁሩ ደግሞ ለቀይ ጦር ወታደሮች፣ ለሠራተኛ ማኅበራት፣ ለማታ ተማሪዎች ትምህርት ይሰጣል፣ በምትኩም ራሽን ይቀበላል። ቀን ላይ የመንግሥት መምህር የነበረው ሰው ማታ የክበቡ አባል ነው፤ በሁለቱ መካከል ግድግዳ አልነበረም። አዲሱ ሥርዓት መሃይምነትን ለማጥፋት መምህራን ያስፈልጉት ነበር፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ግሪክኛና ጀርመንኛ የሚያውቁትን ሰዎች በጣት መቁጠር ይቻላል።

ከዚህ የኔቬል ጊዜ በኅትመት የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። መስከረም 13 ቀን 1919 (በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር መሆኑ ነው) «የኪነ ጥበብ ቀን» የተሰኘ አንድ እትም ብቻ የወጣለት ስብስብ ታተመ፤ በእርሱም ውስጥ «ኪነ ጥበብና ተጠያቂነት» የተባለው የባኽቲን የመጀመሪያ ጽሑፍ ወጣ። ከአንድ ሁለት ገጽ አይበልጥም። ሐሳቡ በኪነ ጥበብ የተረዳሁትን ነገር ሁሉ በሕይወቴ ልመልስለት ይገባል የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ባኽቲን በራሱ ስም የረባ ነገር ያሳተመው ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1929 ነው። ለዚህ ዝምታ ሳንሱርን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ቀላል ቢሆንም ልክ አይደለም፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዓመታት ወረቀት ራሱ አልነበረም። በመላው አገሪቱ ግጥም ከሚታተም ይልቅ የሚነበብበት፣ ገጣሚዎች በየቡና ቤቱና በየአዳራሹ ሥራቸውን በቃል የሚያሰሙበት ዘመን ነበር። የክበቡ የቃልነት ባሕርይ በከፊል ከዚህ ይመነጫል፤ በከፊል ደግሞ እነዚህ ሰዎች ንግግርን ራሱን እንደ ሥራ ስለቆጠሩት ነው። ስለ «ንግግራዊነት»፣ ማለትም ሐሳብ የሚወለደው በሰዎች ንግግር መካከል ነው በሚለው አመለካከቱ፣ በዓለም የታወቀው አሳቢ ብዙውን የወጣትነት ሐሳቡን የፈጠረው አፍ ለአፍ እየተነጋገረ መሆኑን ልብ ይሏል።

የኔቬል ጊዜ ብዙ አልቆየም። ካጋን ለማስተማር ወደ ኦርዮል ሄደ፣ ፑምፒያንስኪ ወደ ፔትሮግራድ ተመለሰ፣ ባኽቲንም በ1920 ወደ ቪቴብስክ ተዛወረ። ቪቴብስክ ዛሬ በቤላሩስ የምትገኝ ከፍ ያለች ከተማ ስትሆን፣ በእነዚያ ዓመታት የደረሰባት ነገር በታሪኳ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልደረሰም። የከተማዋ ተወላጅ ሠዓሊው ማርክ ሻጋል በ1918 የኪነ ጥበብ ኮሚሳር ሆኖ ተሾመ፤ ያቋቋመው የሕዝብ የሥዕል ትምህርት ቤት በ1919 መጀመሪያ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ሌላው ሠዓሊ ካዚሚር ማሌቪች መጣ፣ በ1920 መጀመሪያ ኡኖቪስ የተባለውን ቡድን መሠረተ፣ ተማሪዎቹም ወደ ማሌቪች ስላዘነበሉ ሻጋል በዚያው ዓመት አጋማሽ አዝኖ ሄደ። የኦርኬስትራ መሪው ኒኮላይ ማልኮ ኮንሰርቫቶሪ አቋቋመ፤ በ1926 የሙዚቃ ደራሲውን የሾስታኮቪችን የመጀመሪያ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራውም ይኸው ሰው ነው። ባኽቲን በትምህርት ተቋም የዓለም ሥነ ጽሑፍን፣ በኮንሰርቫቶሪው ደግሞ ስለ ሙዚቃ ታሪክና ፍልስፍና አስተማረ።

በቪቴብስክ ክበቡ ሁለት ሰዎች አገኘ። ፓቬል ሜድቬዴቭ የፕሮሌታርያን ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የነበረ፣ የአዲሱን ሥርዓት መሥሪያ ቤቶች አሠራር ጠንቅቆ የሚያውቅ ተቺ ነው። ኢቫን ሶለርቲንስኪ በ1902 የተወለደ የከተማዋ ልጅ ነው፤ በኋላ የሾስታኮቪች የቅርብ ወዳጅና የታወቀ የሙዚቃ ተቺ ሆነ። ባኽቲን በ1921 በዚያው ኤሌና ኦኮሎቪችን አገባ። ለዓመታት ሲያሠቃየው የኖረው የአጥንት በሽታ በዚያው ጊዜ ጠናበት፤ ታማሚው ከቤት መውጣት ሲከብደው ክበቡ ወደ እርሱ ቤት መምጣት ጀመረ። በመጨረሻም በ1938 እግሩ ተቆረጠ። በጥናቶች ውስጥ ክበቡ «የባኽቲን ክበብ» ተብሎ መጠራቱ የመሪነት ጉዳይ ሆኖ ይቀርባል፤ እኔ ግን ቢያንስ በከፊል የእግር ጉዳይ ይመስለኛል። በኔቬል ጊዜ ማንም ሰው ካጋንን የባኽቲን ተከታይ ነው ብሎ አያስብም ነበር።

ይህ ሁሉ በኔቬልና በቪቴብስክ ብቻ የታየ እንዳልሆነ ለማሳየት ኦዴሳን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልጥቀስ፦ በ1920 ኤዱዋርድ ባግሪትስኪ፣ ዩሪ ኦሌሻ፣ ቫለንቲን ካታዬቭና ኢልያ ኢልፍ «የገጣሚዎች ኮሌክቲቭ» በተባለ ስብስብ ግጥማቸውን ያነቡ ነበር፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለሶቪየቱ የዜና ወኪል ቅርንጫፍ የቅስቀሳ ጽሑፍና ግጥም እየጻፉ ራሽናቸውን ያገኙ ነበር። እዚያም ቀንና ማታ የሚለዩት በሥራ እንጂ በወገን አይደለም።

ድንበሩ የተሠመረው ከ1922 ጀምሮ ነው፤ የተሠመረውም መጀመሪያ ላይ በጥይት ሳይሆን በቅጽ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ግላቭሊት የተባለው የሳንሱር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በየጠቅላይ ግዛቱም ቅርንጫፍ ተከፈተለት። በነሐሴ ደግሞ ትርፍ የማያሳድዱ ማኅበራትና ኅብረቶች ሁሉ ደንባቸውንና የመሥራቾቻቸውን ዝርዝር ለአገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚሳሪያት አቅርበው መመዝገብ አለባቸው የሚል ዐዋጅ ወጣ። በዚያው ወራት በርካታ ፈላስፎችና ጸሐፍት በመርከብና በባቡር ከአገር ተባረሩ። ልብ ይበሉ፦ በአንድ ሰው ክፍል ውስጥ ሻይ የሚጠጡ ስድስት ሰዎች ማኅበር አይደሉም፣ ስለዚህ የሚያስመዘግቡትም ነገር የላቸውም። ሆኖም ከዚህ በኋላ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ ወይ የተመዘገበ ነው ወይ ያልተመዘገበ፤ ሦስተኛ ዓይነት ቀርቷል። ቀድሞ ስም ያልነበረው ነገር አሁን «ያልተመዘገበ» የሚል ስም አገኘ።

በ1924 ባኽቲንና ባለቤቱ ሌኒንግራድ (በዚያው ዓመት ስሙ የተለወጠው ፔትሮግራድ) ገቡ፤ ቀሪዎቹም አብዛኞቹ እዚያ ተገናኙ። ክበቡ ከክፍለ ሀገር ይዞት የመጣውን ልማድ በትልቁ ከተማ ቀጠለ፤ በየቤቱ ስለ ካንት፣ ስለ ሃይማኖት ፍልስፍና፣ ስለ ሩሲያ ግጥም ይወራል፤ ደራሲው ኮንስታንቲን ቫጊኖቭም ተቀላቀለ፤ በ1928 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ፑምፒያንስኪን መሳቂያ ገጸ ባሕርይ አድርጎ ስላቀረበው ወዳጅነታቸው ተበላሸ። ነገር ግን ኔቬል ላይ የነበረው ያ ልል ሁኔታ እዚህ አልነበረም። በ1928 የካቲት ዲሚትሪ ሊኻቾቭ የተባለ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ታሰረ፤ ጓደኞቹ ስብስባቸውን ለቀልድ «የጠፈር ሳይንስ አካዳሚ» ብለው ጠርተውት ነበር፤ አምስት ዓመት ተፈርዶበት የእስረኞች ካምፕ ወደነበረባቸው ወደ ሶሎቭኪ ደሴቶች ተላከ። ዲሴምበር 24 ቀን 1928 ባኽቲን ተያዘ። የተያዘው «ቮስክሬሴኒዬ»፣ ማለትም «ትንሣኤ»፣ ተብሎ ከሚታወቀውና አሌክሳንደር ሜየር ይመራው ከነበረው የሃይማኖትና የፍልስፍና ስብስብ ጋር በተያያዘ ምርመራ ሲሆን፣ የተከሰሰበት ነገር በየቤቱ የሰጠው ትምህርት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 58 ንኡስ ቁጥር 11 የሚናገረው በፀረ አብዮት ዓላማ ስለ መደራጀት ነው፤ መርማሪው ማድረግ የነበረበት በየቤቱ የተደረገውን ጭውውት «ድርጅት» ብሎ መጻፍ ብቻ ነበር። ስም ያልነበረውን ክበብ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ በድርጅት ስም የመዘገበለት ፖሊስ ነው ማለት ይቻላል።

በ1929 አምስት ዓመት ሶሎቭኪ ተፈረደበት። በዚያው ዓመት፣ ደራሲው በእስር ጉዳይ ላይ እያለ፣ ስለ ዶስቶየቭስኪ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፣ የትምህርት ኮሚሳር የነበረው ሉናቻርስኪም በበጎ ገመገመው፤ በሕመሙና በወዳጆቹ ልመና ፍርዱ ወደ ካዛኽስታን፣ ወደ ኩስታናይ ግዞት ተለወጠ። ሌሎቹ እኩል ዕድል አልገጠማቸውም፦ ሜድቬዴቭና ዙባኪን በ1938 ተገደሉ፣ ቮሎሺኖቭ በ1936 በሳንባ ነቀርሳ፣ ካጋን በ1937፣ ፑምፒያንስኪ በ1940፣ ሶለርቲንስኪ በ1944 በሕመም ሞቱ። ዩዲና እስከ 1970፣ ባኽቲን እስከ 1975 ኖሩ።

ጠያቂው ጽሑፎቹን ሲያነቡ አንድ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። ስለ ኔቬል የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ቪክቶር ዱቫኪን በ1973 ከአረጋዊው ባኽቲን ጋር ካደረገው የቴፕ ቃለ መጠይቅ፣ ከደብዳቤዎችና ከዚያው ከ«ሞሎት» ጋዜጣ ነው። ባኽቲን ማራኪ ተራኪ ቢሆንም ስለ ራሱ ሲናገር ሁልጊዜ አይታመንም፤ በፔትሮግራድ ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ ማለቱን ሰነዶች አላረጋገጡለትም። በሜድቬዴቭና በቮሎሺኖቭ ስም በ1920ዎቹ መጨረሻ የወጡት መጻሕፍት የባኽቲን ናቸው የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በበኩሌ ክርክሩ ራሱ የተሳሳተ ጥያቄ ላይ የቆመ ይመስለኛል፤ ለዓመታት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲነጋገሩ ከኖሩ ሰዎች ሐሳብ ውስጥ የትኛው የማን እንደሆነ እነርሱም ራሳቸው ሁልጊዜ የሚለዩት አይመስለኝም።

የመጨረሻው ጥያቄ የተወያዩበት የት ደረሰ የሚል ነበር። ባኽቲን በቪቴብስክ ዓመታት ስለ ድርጊት ፍልስፍናና ስለ ደራሲና ጀግና የጻፋቸው ረቂቆች በደብተር ውስጥ ቀርተው፣ በኋላ ሲያስተምር በኖረባት በሳራንስክ ከተማ በአንድ ዕቃ ማስቀመጫ ቤት ውስጥ ተገኙ፤ እርጥበትና አይጥ ስላበላሿቸው መጀመሪያቸው የጎደለ ነው፤ የታተሙትም እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ከደብዳቤዎቹ የተወሰኑትን የካጋን ቤተሰብ አቆይቷቸዋል። ፑምፒያንስኪ በ1924 እና በ1925 የባኽቲንን ገለጻዎች በማስታወሻ ይዞ ነበር። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን የራሒል ሚርኪና ደብተር ነው። ይህች ሴት በቪቴብስክ ተማሪ ሳለች ባኽቲን ስለ ሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ያስተማረውን መጻፍ ጀመረች፣ በሌኒንግራድም ቀጠለች፤ ባኽቲን ስለ ገጣሚዎችና ስለ ልብ ወለድ ጸሐፍት በእነዚያ ዓመታት ምን ይል እንደነበር ዛሬ በሰፊው የምናነበው አንዲት ወጣት የመምህሯን ቃል እየተከተለች ከሞላችው ከዚህ ደብተር ነው።